በገና ክራር የሆነበት ሳሎን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጥቼ በሰላም መመለስ አልቻልኩም። ሽንኩርት ልመርጥ ጎንበስ ስል አንዱ ከኋላዬ ይመጣና «እትዬ ስንዱ፣ የቴፔ ባስ አልወጣ አለኝ» ይለኛል። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ደግሞ አንዷ ነጠላዬን ይዛ፣ ልጇ ከባሕር ዳር የላከላት ስፒከር ድምፁ የጣሳ ድምፅ እንደሆነባት ታማርረኛለች። ባጃጅ ነጂው እንኳ መንገዱን ትቶ ወደ እኔ እየዞረ ከወንበሩ ሥር የሸጎጠውን ስፒከር ያስገመግምልኛል።

ጎረቤቶቼ ጡረታ ማለት ማረፍ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ስለ ባስ፣ ስለዚያ ወፍራም ድምፅ፣ ከተጠየቅሁ ማረፍ አልችልም፤ ዛሬም ልቤ እንደ ልጅ ይዘላል። ለሁሉም የምመልሰው መልስ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ቤታችሁን አሳዩኝ እላለሁ። ይስቁብኛል። የተበላሸው ዕቃው እንጂ ቤቱ አይደለም ይሉኛል። እኔም በወጣትነቴ የማስበው እንደዚያው ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ቡሬ ያለ አንድ ሳሎን ነው። የሳሎኑ ነገር ግን ያለ ጋሽ ይትባረክ አይነገርምና ከእሳቸው ልጀምር።

ሥራ የጀመርኩት ቡሬ ነው፤ የትምህርት ቤት ሬዲዮ በሚጠገንበት ወርክሾፕ። ወርክሾፕ ይባል እንጂ አንድ ክፍል ነበር። ከየገጠሩ ትምህርት ቤት በአይሱዙ እየተጫነ የሚመጣው ሬዲዮ ከግድግዳው ጥግ ይከመራል። ክዳኑን ስንፈታ አንዳንዱ ውስጥ አይጥ ጎጆዋን ሠርታ፣ በቆሎዋን አጠራቅማ እናገኛለን። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ንብረት ክፍሉ የታይፕ ጸሐፊ መስዬው ወደ አስተዳደር ሰደደኝ። ጋሽ ይትባረክ ናቸው መልሰው ያመጡኝ።

ጋሽ ይትባረክ የወርክሾፑ ኃላፊ ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ኮታቸውን በጋም ክረምትም አያወልቁም። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ ሳይጨርሱ ለሬዲዮ ፍቅር ብለው የወጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሲናገሩ ሁልጊዜ ከሰሙ ሥር ወርቅ ይፈለጋል። መበየጃውን አግለው ሲይዙ እንኳ «በጣም የሚቸኩል ብየዳ ቀድሞ ይለቃል» ይሉኝ ነበር። እኔም ስለ ብየዳው ይሁን ስለ እኔ ሳላውቅ እውላለሁ።

ከሥራ ሰዓት በኋላ ሰዎች ቤታቸው እየጠሩ ቴፓቸውን ያሳዩዋቸዋል። አንድ ቀን እኔንም ይዘውኝ ወደ አንድ የሂሳብ መምህር ቤት ሄዱ። መምህሩ ሁለት ስፒከር ያለው ቴፕ አላቸው። ቤት ከቀየሩ ወዲህ ባሱ ድርግም ብሎ ጠፍቷል። ጋሽ ይትባረክ ገና ከደፉ ላይ ሳሉ፣ ሰላምታም ሳያቀርቡ፣ አንድ ጊዜ ጮክ አድርገው አጨበጨቡ። የመምህሩ ባለቤት ደነገጡ። እኔም አፈርኩ። እሳቸው ግን ግድግዳው ምን ብሎ እንደሚመልስ እየሰሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው እንዴት ዋላችሁ ያሉት።

የእጅ ባትሪ ካለ አንድ ድንጋዩን ስጡኝ አሉ። የስፒከሮቹን ሽቦ ከቴፑ ነቅለው ጫፎቹን በየተራ ከባትሪው ድንጋይ ጋር አነካኩ። የአንደኛው ስፒከር ወረቀት ወደፊት ብቅ አለ። የሁለተኛው ወደ ኋላ ገባ። እኔን ቀና ብለው አዩና «ሁለት በሬ አንዱ ሲገፋ አንዱ ከሳበ ምን ይታረሳል?» አሉኝ። ዕቃው ሲጓጓዝ አንድ ሰው የአንዱን ስፒከር ሽቦ ገልብጦ አስሮት ነበር። አዙረው አሰሩት። ቴፑ ተከፈተ።

የዚያን ቀን የሰማሁትን ነገር እንዴት ልንገራችሁ። ድምፁ አልጨመረም፤ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ እዚያው በነበረበት ነው። ነገር ግን የሆነ ነገር ከወለሉ ተነሥቶ፣ በጫማዬ ገብቶ፣ ደረቴ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። የሰው ቤት መሆኑን ረስቼ ሳቅሁ። ጋሽ ይትባረክ አልሳቁም፤ ግን ዓይኔን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሬዲዮ ልጠግን የገባሁት ልጅ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የድምፅ ሰው ሆንኩ።

ሥራው አላለቀም ነበር። በር አጠገብ ባሱ ይበዛል፤ መምህሩ የሚቀመጡበት መደብ ላይ ያንሳል። ጋሽ ይትባረክ አንዱን የስፒከር ሳጥን አንሥተው መደቡ ላይ፣ መምህሩ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ኮታቸውን እንደለበሱ ተንበረከኩና በአራት እግራቸው ግድግዳውን ተከትለው መዳህ ጀመሩ። ጆሯቸውን ወደ ወለሉ እያስጠጉ፣ እየቆሙ፣ እየተመለሱ። የመምህሩ ባለቤት ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት። ጋሽ ይትባረክ ሳይነሡ እንዲህ አሉ።

«ይሳቁ እመቤቴ፣ አይታፈኑ። ባስ ቆሞ ለሚፈልገው አይገኝም። ዝቅ ያለውን ነው የሚወድ።»

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሳጥኑ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ሆኖ ሲጮህ፣ እየዳሃችሁ ባሱ ሞልቶና ጠርቶ የሚሰማችሁን ቦታ ትፈልጋላችሁ። ካገኛችሁ በኋላ ሳጥኑን እዚያ ታደርጉና ሰውየውን ወደ ቦታው ትመልሳላችሁ። ያ ድምፅ ተከትሎት ይሄዳል። እኛም ሳጥኑን ከበሩ ራቅ አድርገን ሁለት ድንጋይ ላይ አቆምነው። ቡፌው ውስጥ የሚንጫጩት ብርጭቆዎች ሥር የታጠፈ ወረቀት አደረግን። ጋሽ ይትባረክ ቁልፉን ከግማሽ በላይ እንዳያሳልፉ ለመምህሩ ነገሯቸው። «የጮኸ ሁሉ አልሰበከም» ብለው ወጡ።

ብዙ ዓመት እንዲህ አብረን ሠራን። በኋላ ትምህርት በፕላዝማ ሆነና የሬዲዮው ሥራ ቀዘቀዘ። ወርክሾፑ ተዘጋ። ጋሽ ይትባረክ ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው የአባታቸው ቀዬ ገቡ። እኔ ፍኖተ ሰላም፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ ተመደብኩ። አዲሱ አለቃዬ ሥርዓት አክባሪ ሰው ነበሩ። የግል ዕቃ ወርክሾፕ እንዳይገባ ማስታወቂያ ለጠፉ። ብዙም ሳይቆዩ ግን የራሳቸውን ዴክ በጋቢ ጠቅልለው፣ ማስታወቂያው በተለጠፈበት በር ይዘውት ገቡ። ለሙከራ ያህል ነው አሉኝ። እኔም በደንብ ሞከርኩላቸው፤ ማስታወቂያውም ከዚያ በኋላ ዝናብ መታውና ማንም አልተካውም።

ስሜ እየታወቀ ሄደ። የቡሬው የእህል ነጋዴ ጋሽ ደመላሽ የጠሩኝም ያኔ ነው። አዲስ የብሎኬት ቤት ሠርተው ነበር። ሳሎኑ ሰፊ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ከጫፍ ጫፍ መስተዋት። የልጃቸው መልስ እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው። እንግዳው የማይረሳው ድምፅ አምጪልኝ አሉኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሁለት ትልልቅ ሳጥን በራሴ እጅ ሠርቼ፣ የሚያስደንቅ አምፕሊፋየር አግኝቼ፣ የማሳይበት ቤት አጥቼ የምቃጠልበት ጊዜ ነበር።

ከመልሱ በፊት ሄጄ ዕቃዬን ተከልኩ። ሳሎኑ በድግስ ዕቃ ተሞልቷል። የእንግዳ ፍራሽ እስከ መስኮቱ ተከምሯል፤ የጤፍና የዱቄት ጆንያ በየጥጉ ቆሟል፤ ብርድ ልብሱ ተራራ ሆኗል። በፍራሹ መሀል እየተሹለከለክሁ ዳህኩ፤ ቦታዬን አገኘሁ፤ ከፈትኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ባስ ሠርቼ አላውቅም። ጥርት ያለ፣ የጠገበ፣ ልክ መቆም ሲገባው የሚቆም። ጋሽ ደመላሽ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ትከሻቸውን ሰበቁ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ከጓዳ በዱቄት እጃቸው ብቅ ብለው እልል አሉ። እኔም እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

በመልሱ ቀን ስገባ ሳሎኑ ባዶ ሆኗል። ፍራሹ ወጥቷል፤ ጆንያው ወደ መጋዘን ሄዷል፤ ሴራሚኩ ታጥቦ ፊት ያሳያል። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። እንዴት አማረ ብዬ አደነቅሁ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣብኝም። እንግዳው ገባ፤ ሙዚቃውን ለቀቅሁ።

ድምፁ የጉድጓድ ድምፅ ሆነ። ዘፋኙ አንዱን ቃል ሳይጨርስ የፊተኛው ቃሉ ከግድግዳ ተመልሶ ይጋጨዋል። በየግድግዳው ሥር የተቀመጡት ሰዎች ባሱ ጆሯቸውን ይደበድባቸዋል፤ ከሳሎኑ መሀል የተቀመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ምንም ባስ አይሰሙም። ጋሽ ደመላሽ ከሽማግሌዎቹ መሀል ሆነው በእጃቸው ጨምሪ አሉኝ። ጨመርኩ። መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሁንም ጨምሪ አሉኝ። ጨመርኩ። የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝ። ቀጥሎ የትልቁ ስፒከር ወረቀት እንደ ታፈነ ሰው አንድ ጊዜ ተንሰቅስቆ ዝም አለ።

ሴቶቹ ወዲያው ከበሮ አነሡ። ጭብጨባው ሞቀ። ጋሽ ደመላሽ ወደ እኔ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስንዱ፣ ዕቃሽን በጓሮ በር አውጪው። ደስታዬን አታስጨንቂው» አሉኝ። ሳጥኖቼን ወጥ በሚያማስሉት ሴቶች መሀል አሳልፌ አወጣሁ። አንዷ ምስኪን ብላ መንገድ ለቀቀችልኝ። ከቁጣው ሁሉ የከበደኝ ያ ነው።

ቤቴ ገብቼ ዕቃውን አንድ በአንድ ፈታሁት። የተቃጠለውን የስፒከር ጥቅል ሽቦ ቀየርኩ፤ አምፕሊፋየሩን መረመርኩ፤ ሽቦውን በባትሪ ድንጋይ ሞከርኩ። ሌላ አንድም ጥፋት አላገኘሁበትም። እንዲያውም እኔ ቤት ስከፍተው ያው የጥንቱ ድምፅ ነው። ጥፋት ባገኝበት ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ለብዙ ጊዜ ጥሪ ሁሉ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጋሽ ይትባረክ ቀዬ ሄድኩ።

በጭቃ ቤታቸው፣ በአቡጀዲ ኮርኒሱ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ አምፕሊፋየሩ ረጅም ነገር አወራሁ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስትሞክሪው ሳሎኑ ውስጥ ምን ነበር?»

«ምንም አልነበረም ጋሼ። ሰው አልነበረም። የድግስ ዕቃ ብቻ…» አልኩና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ፍራሹ ታየኝ። ብርድ ልብሱ፣ በየጥጉ የቆመው ጆንያ ታየኝ። ተቀምጬ ከነበረበት በርጩማ ተነሥቼ ቆምኩ። ጋሽ ይትባረክ ፈገግ አሉ።

«ብሎኬትና ሴራሚክ ምንም አይቀበልም፤ የሰጠሽውን ሁሉ እንዳለ ይመልስልሻል። ያን ቀን ትርፉን ድምፅ ሲጠጣልሽ የነበረው ፍራሹ ነው። ሲያወጡት ግማሹን ዕቃሽን አብረው አወጡት።»

ከዚያ ያረጀ ትንሽ ቴፓቸውን ከፈቱልኝ። የጭቃው ግድግዳ ውስጥ ጭድ አለ፤ ኮርኒሱ ጨርቅ ነው፤ መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፏል። ከዚያች ትንሽ ዕቃ የወጣው ድምፅ የእኔን ትልልቅ ሳጥን የሚያሳፍር ነበር። ሳላስበው ግድግዳውን እየዳሰስኩ ዞርኩ። አባቶቻችን ለሙዚቃ ብለው አልሠሩትም፤ ግን ባስ የሚያድርበት ቤት ሠርተዋል። እዚያው እደሪ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ደስታው አላስቀምጥ አለኝና በዚያው ቀን ቡሬ ጋሽ ደመላሽ ሱቅ ገብቼ ስለ ፍራሹ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሲያበቃ ያለፈ መልስ አይደገምም ብለው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ነበርኩ። የሰው ቤት ስጠራ ከዕቃው በፊት መጋረጃውን አያለሁ። መራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ ውሃ ሽንኩርት የሚያለማ አንድ ገበሬ አዲስ ቤቱ ድምፁን ሲያበላሽበት ሚስቱን አስፈቅጄ የቤቱን ጋቢ ሁሉ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩበት። ባሱ ሲመጣ ጋቢውን ለብርድ እንኳ አላወርድም አለ። እኔን እንደ ማኅበርተኛዋ ትቆጥረኝ የነበረችው ሚስቱ፣ ያን ክረምት ሰላምታ ነፈገችኝ።

ዘንድሮ፣ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን፣ ስልኬ ጮኸ። ያረጀ ድምፅ ነው። ጋሽ ደመላሽ ነበሩ። እትዬ የሺን ስኳር ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ከቤት አይወጡም። በዐቢይ ጾም የሚያጽናናቸው በገና መስማት ነው። ልጆቹ ትልቅና ቀጭን ቴሌቪዥን ልከዋል፤ በገና በእሱ ይከፈትላቸዋል። እትዬ የሺ ግን «በገናው ክራር ሆነብኝ» እያሉ ያዝናሉ። ጋሽ ደመላሽ ይህን ከነገሩኝ በኋላ ጠየቁኝ።

«ያን ጊዜ የነገርሽኝ የፍራሽ ነገር፣ እውነትሽን ነበር?»

ሳጥኖቼን በሚኒባስ ጭኜ ደረስኩ። ሳሎኑ ያው ነው። ከደፉ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ያ ያዋረደኝ ሳሎን መልሶ አጨበጨበልኝ። አልፈራሁትም። እንዲያውም የቆየ ባላጋራ እንዳገኘ ሰው እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጆንያና ጭድ አምጡልኝ አልኩ። በጭድ የጠቀጠቅናቸውን ጆንያዎች በአራቱም ጥግ እስከ ጣሪያው ከመርን፤ ዓይን እንዳያስቀይሙ በአቡጀዲ ሸፈንናቸው። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ። ጋሽ ደመላሽ በከዘራቸው ተደግፈው እያዩ፣ እኔ ይህን ቤት የሠራሁት ከጆንያ ጋር መኖር ሰልችቶኝ ነበር አሉ። እትዬ የሺ የጭዱ ሽታ ደስ ይላል ብለው ሳቁ።

ቀሪው ቦታውን ማግኘት ነው። እትዬ የሺ የሚቀመጡት በሩ አጠገብ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ነው፤ ለመውጣት ለመግባት ስለሚቀላቸው። ሳጥኑን እሳቸው ቦታ አድርጌ ዳህኩ። በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴ ይጮኻል። የትም ብሄድ ባሱ ጉም ነው፤ ግድግዳው አጠገብ ያብጣል። ሳጥኑን ከመቀመጫ መቀመጫ እያዛወርኩ ደጋግሜ ዳህኩ። ባሱ አውታር በአውታር ጠርቶ የመጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱም በሩን ፊት ለፊት ከሚያየው፣ ከተጠረበው ትልቅ ወንበር። የጋሽ ደመላሽ ወንበር ነው። ነጋዴ የሚቀበሉት፣ ሽምግልና የሚዳኙት እዚያ ተቀምጠው ነው። እንግዳ ሞልቶ ቢፈስ ማንም አይቀመጥበትም።

ከወለሉ ተነሥቼ ቀሚሴን አራገፍኩ።

«ጋሽ ደመላሽ፣ እንዳይቀየሙኝ። ድምፁ ያለው እርስዎ ወንበር ላይ ነው።»

«ወንበሩን ወደ እሷ እንውሰደዋ።»

«ወንበሩ አይደለም። ቦታው ነው።»

እትዬ የሺ ፈጥነው «ተይ ልጄ፣ እኔ ከዚሁም ይሰማኛል» አሉ።

ጋሽ ደመላሽ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ፤ ወደ ሚስታቸው ሄዱና በሁለት እጃቸው አነሡዋቸው። «ነይ የሺ፣ ወዲህ ነው» እያሉ ምንጣፉን አሻግረው ወሰዷቸው። እትዬ የሺ የወንበሩን ክንድ ሲዳስሱ አወቁትና ቆሙ።

«አንቱስ የት ሊቀመጡ?»

«ተቀመጪ። ለእኔ ቦታ አይጠፋኝም።»

ሳጥኑን ስዳህ ባገኘሁት ቦታ አቆምኩና በገናውን ከፈትኩት። ቁልፉ ከግማሽ በታች ነው። የመጀመሪያው ወፍራም አውታር ሲመታ፣ ያ ሳሎን ድምፁን ተቀብሎ ይዞ ቆየና ቀስ ብሎ ለቀቀው። ንዝረቱ ይሰማል፤ የአውታሩ መንዘርዘር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የእንጨቱ ሆድ ሳይቀር ይሰማል። ፀጉሬ ቆመ። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እትዬ የሺ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ሰውየው ትንፋሹን ሳበ» አሉ።

መልሼ አጫወትኩት። እውነት ነው። ደርዳሪው ዜማውን ከመጀመሩ በፊት በረጅሙ ይተነፍሳል። ያን ቅጂ ስንት ጊዜ ስሰማው ያን ትንፋሽ ሰምቼው አላውቅም። የእትዬ የሺ እንባ ይወርድ ነበር። ጋሽ ደመላሽ አጠገባቸው ቆመው ሲሰሙ ቆዩና ወደ ጥጉ ሄደው ምንጣፉ ላይ አረፍ አሉ።

ባለፈው ሰሞን ልጠይቃቸው ቡሬ ወርጄ እኔ ተቀምጬ ሳለሁ ለሽምግልና የተጠሩ ሦስት ትልልቅ ሰዎች መጡ። ከደፉ ላይ ደርሰው ግራ ገባቸው። በትልቁ ወንበር እትዬ የሺ ዓይናቸውን ከድነው በገናቸውን እየሰሙ ተቀምጠዋል። የቤቱ ጌታ ከጥግ፣ ጀርባቸውን ለጭድ ጆንያ ሰጥተው፣ ከምንጣፉ ላይ ናቸው። አንደኛው ሽማግሌ ሰላምታ ሊያቀርብ አፉን ሲከፍት ጋሽ ደመላሽ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና በግድግዳው ሥር ተሰልፈው፣ ዜማው እስኪያበቃ ቆመው ጠበቁ።